የአምባዬ ውጅግራ

ዳምጤ አንድ እግሩ ሽባ ነበር። አባቱ ከሸዋ ጦር ጋር ወደ ኢሉባቦር ሲዘምት በበቅሎ ጭነት ላይ ተቀምጦ የመጣ ሕፃን ነው። አድገው እኩዮቹ ጠመንጃ ሲታጠቁ እሱ መሮና ሞረድ ያዘ። መቱ ላይ ሰደፍ የተሰነጠቀበት፣ አልጋ የተሰበረበት ሁሉ ደጁን ይጠና ጀመር። በእግሩ ያልሳቀበት ጓደኛው አምባዬ ብቻ ነበር። ልጆች ሳሉ ሶር ወንዝን ሲሻገሩ አዝሎት ይሻገራል፤ ካደጉም በኋላ «ወንድሜ» እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ይህን አምባዬን ከኡካ ወዲያ ባለ ጫካ ራሱ ተኩሶ ያቆሰለው ጎሽ ወግቶ ገደለው። አብረውት ለአደን የወጡት ሰዎች እዚያው አቅራቢያ ቀበሩት። ለሚስቱ ለወለተ ማርያም የደረሳት ኩታውና ሰደፉ ከአንገቱ የተገነጠለ ውጅግራው ነው። ጠመንጃው የመንግሥት ነበር፤ ግን የአምሳ አለቃው ደርበው አገላብጦ አየና «ይኸ ከእንግዲህ ምን ይረባል!» ብሎ ትቶላት ሄደ።

ወለተ ማርያም ስብርባሪውን በነጠላዋ ጠቅልላ ዳምጤ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ ሬሳውን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩ። ለተዝካሩ እንኳ ጠመንጃው ሙሉ ሆኖ ይለቀስበት።»

«አዲስ ሰደፍ አወጣለታለሁ፣ እቴ።»

«አዲስማ የማን ይሆናል?» አለችና አምባዬ ሲያነጣጥር ጉንጩን እያሳረፈ ያለሰለሰውን ቦታ በጣቷ ነካች። «ይህቺን አይላጉብኝ።»

ዳምጤ እሺ አለ። የአገሩ ሰው ወዴሳ ከሚለው ከዋንዛ፣ ደርቆ የከረመውን መርጦ አንገቱን ብቻ ቀጠለለት። መጋጠሚያውን በሰያፍ ቆርጦ በሙጫ አጣበቀ፤ በእንጨት ችንካር ወጋ፤ በእርጥብ ጠፍር ጠፍንጎ አሰረ፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እንደ ብረት ጨመደደው። ሰው አለመኖሩን አይቶ ጉንጩን እዚያች ለስላሳ ቦታ ላይ አሳረፈ። አልገጠመችውም። የአምባዬ ፊት ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ፣ መርዶው ከመጣ ወዲህ ያላለቀሰው ሰውዬ አለቀሰ።

በተዝካሩ ቀን ውጅግራው በሐዘንተኛው መካከል ወጣ። ወለተ ማርያም ደረቷን እየመታች፦

«ጎሹን አላማሁም፣ የጫካ ነው አውሬ፤
እኔን የገደለኝ መቅረትህ ነው ዛሬ»

ስትል ያላለቀሰ አልነበረም።

ለቅሶው በረድ ሲል ደርበው ጠመንጃውን ተቀበለና ትከሻው ላይ ደገፍ አድርጎ አነጣጠረ።

«ደኅና ሆኗል እኮ! የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ለሌላ ወታደር ይሰጣል።»

ዳምጤ እያነከሰ መሐል ገባ። በዕድሜው ሙሉ የእጁን ሥራ አጣጥሎ የማያውቅ ሰው፣ «ጌታዬ፣ ለዓይን ያህል ነው የገጠምኩት። ቢተኮስበት ይገነጠላል፤ ፊትዎን ያቆስልዎታል» አለ።

ደርበው አየው፤ ፈገግ አለ። ጥይት አጎረሰና ወደ ሰማይ አፈሙዙን ቀና አደረገ።

ዳምጤ በልቡ፣ «ማርያም፣ ስበሪው! ስበሪልኝ!» እያለ ለመነ።

ጠመንጃው ጮኸ። ወፎች ከዛፍ ላይ ተነሡ። ሰደፉ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እጅህ ይባረክ» አለ ደርበው፤ ከልቡ ነበር። ጠመንጃውን አንግቦ ሄደ።

በማግሥቱ ዳምጤ ሲደርስ ወለተ ማርያም እዚያው ኢሉባቦር፣ ቡሬ ወዳለው ወንድሟ ለመሄድ ጓዟን እየሸከፈች ነበር።

«ባልጠግነው ይቀርልሽ ነበር» አለ አቀርቅሮ።

«ስብራቱን ታቅፌ ምን ልሆን ጋሼ? እኔ ነኝ ጠግኑልኝ ያልኩ። ብቻ… ወሰዱት።»

እግሩ እስከቻለለት ድረስ ሸኛት። ከዚያ በኋላ ሰደፍ አልነካም። ደርበው ራሱ ሲያስጠራው «ዓይኔ ደክሟል» እያለ አልጋና ሞፈር ሲያወጣ ኖረ። ወደ ቡሬ የሚወጣ ነጋዴ ባገኘ ቁጥር ግን ስለ እሷ ይጠይቃል። አንዱ ሲመለስ ባል ማግባቷን ነገረው።

«እሰይ፣ ደግ አደረገች» አለ ዳምጤ። ደግ ማድረጓንም ያውቃል። ግን ያን ቀን መሮውን ሳያነሣ ዋለ፤ አምባዬን የሚያለቅስለት ከእንግዲህ እሱ ብቻ መሆኑን እያሰበ ደጁ ላይ ተቀምጦ መሸበት።