ላጲስና የአባቷ አፍንጫ

ላጲስ ያልናት እኛ ነን፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የምንሠራው። ከፎቶ ላይ ብጉር ታጠፋለች፣ የዓይን ስር ጥቁረት ታጠፋለች፣ ድርብ አገጭ ታጠፋለች። አንዴ እንዲያውም አንዲት ሙሽራ ከሠርጓ ፎቶ ላይ አማቷን አጥፊልኝ ብላት አጥፍታላታለች፤ ቦታው ላይ የአበባ ማስቀመጫ አቆመችበት። አማትየዋ እስካሁን አልሰማችም፣ እኔም እንዳልሰማ ሆኛለሁ።

እኔ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነኝ። በጨለማ ክፍል ፊልም ሳጥብ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ኤዲት የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ግን ደንበኛ ኤዲት ካልተደረገ ፎቶውን ጥሎ ይሄዳል፤ ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።

ላጲስ ትምህርቷን እንደጨረሰች ነው የመጣችው። ዝምተኛ፣ ሥራ የማይሰለቻት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። አፏን ይመስለኝ ነበር እንጂ የምትሸፍነው አፍንጫዋን ኖሯል። አፍንጫዋ ቁርጥ የአባቷ ነው፤ መሃሉ ላይ ጉብ ያለ፣ ጫፉ ወደ ታች ያዘነበለ። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እኩያሞች ስለሆንን አንተ እንባባላለን። ተሳፋሪው ሁሉ ከጎን ስለሚያየው ያ አፍንጫ ከታርጋው በላይ ይታወቃል። ፌርማታ ላይ የቆሙት "ባለ አፍንጫው መጣ" ሲሉ ይሰማና መስኮቱን ከፍቶ "አፍንጫው ቀድሞ ደርሷል፣ እኔ ገና ከኋላ ነኝ" ይላቸዋል። ይኮራበታል። ልጁ ግን በዚያው አፍንጫ ምክንያት ትምህርት ቤት ስንቱን ችላለች። አባት ላይ ሲሆን ግርማ ሞገስ፣ ልጅቷ ላይ ሲሆን መሳቂያ! ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ቀን ሙሉ የሰው አፍንጫ ስታቀና ትውልና ማታ የራሷን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቆይታ የራሷን ፎቶዎችም ማቅናት ጀመረች። የመታወቂያዋን፣ ጉርድ ፎቶዎቿን፣ ከጓደኞቿ ጋር የተነሳችውን ሁሉ አቀናችና ዋናዎቹን ከኮምፒዩተሩ ሰረዘቻቸው። ከጎን የተነሳችው እንደሆነ ድሮም የለም፤ ከጎን ቁሚ ሲሏት ሰበብ ፈልጋ ትሸሽ ነበር።

አንድ ጊዜ አባት፣ እናትና እሷ እዚሁ መጥተው አብረው ተነሱ። ፎቶው ታትሞ ትልቅ ፍሬም ውስጥ ሲገባ አባቷ ሊወስደው መጣ። ይዞት ቆመና ለረጅም ጊዜ አየው።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለኝ።

ጠጋ ብዬ ሳየው የራሷን ብቻ ሳይሆን የእሱንም አቅንታዋለች። ለክፋት አልነበረም። ልጅ አባቷን ሳትመስል ብትቀር ሰው ይጠይቃል ብላ ነው። እሱ ግን ፍሬሙን ግድግዳ አስደግፎ፣ ደህና ዋል ሳይለኝ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ነሳት። ኩርፊያው ደግሞ የልጅ ኩርፊያ ነው። ገበታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሚስቱ "ልጅሽ ጨው ታቀብለኝ" ይላል። እናትየውም "አባትሽ ጨው አቀብዪኝ ብሏል" ትላለች፣ ጨው እዚያው እሱ እጅ ስር እያለ። ላጲስ ይሄን ስታወራልኝ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰችው።

ከዚያ ይባስ ብላ አፍንጫዋን አስቆረጠችው። ማንንም ሳታማክር አንድ ፎቅ ላይ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ነው ያሠራችው። እብጠቱ ሲጎድል፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ቀጥ ያለ፣ ትንሽ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አፍንጫ ወጣላት። ደንበኞች "ማነው የሠራልሽ?" እያሉ ስልክ ቁጥር ይጠይቋት ጀመር። አባቷ አየት አድርጓት ምንም አላለም፣ በእናቷ በኩል እንኳን ምንም አላለም። እሷን የጎዳት ይሄ ነው።

የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ በአንድ እጇ ማውሱን፣ በሌላው ጉንጯን ወደ ጎን ወጥራ ይዛ ስትሠራ አየኋት። ጥርሷን ያመማት መሰለኝ።

"አስነቅዪውና ተገላገዪ እንጂ" አልኳት።

"ጥርሴ አይደለም ጋሼ። እንዲህ ካልያዝኩት አየር አይገባልኝም።"

"እስቲ ልቀቂው።"

ለቀቀችውና አየር ሳበች። ዓይኔ እያየ የአፍንጫዋ ሁለቱም ጎኖች እንደ እርጥብ ፌስታል ወደ ውስጥ ተጣበቁ።

"ስትተኚስ?"

"በአፌ ነዋ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የምነቃው። ደረጃ ስወጣማ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች።"

"ቤት ተናግረሻል?"

"ምን ብዬ? ያንተን ቆርጬ ጣልኩት፣ አሁን መተንፈስ አቃተኝ ልበለው? እሰይ፣ ደግ አደረገሽ ነው የሚለኝ።"

ክሊኒኩ ጋ ስንሄድ ተዘግቷል። ማስታወቂያው ተነቅሎ የሚስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ደሜ ፈላ፤ ግን በተዘጋ በር ላይ ምን ይጮሃል? እየጎተትኩ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ስትመረምራት ቆየችና በእርሳስ ሥላ አስረዳችን። የአፍንጫ አጥንት ላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው እንደ ጆሮ የሚታጠፍ ለስላሳ አጥንት ነው። አየር ስንስብ ጎኑ እንዳይጣበቅ ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው።

"ለማሳመር ብለው ድጋፉን አብረው ቆርጠውታል" አለች። "ለውበትም ይሠራ ለመተንፈስ፣ አፍንጫው አንድ ነው። አንዱን ስትነኪ ሌላውን ካላየሽ እንዲህ ይሆናል።"

አሁን ሐኪሟ ከላጲስ ጎድን ጫፍ ላይ ለስላሳ አጥንት ወስዳ ልትደግፈው ነው። ድጋፉ ሲገባ ቅርጹ መለወጡ እንደማይቀር፣ ወደ ድሮው መመለስ ከፈለገችም እንደሚሞከር ነገረቻት።

"ለመተንፈሱ ብቻም ቢሆን ግን ምን ያህል እንደተወሰደብሽ ማወቅ አለብኝ። የድሮ ፎቶሽን አምጪልኝ፣ በተለይ ከጎን የተነሳሽውን።"

ላጲስ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ፎቶ ቤት የምትውል ልጅ የራሷ ፊት የላትም! ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

"እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው የቅርብ ዘመድ አለሽ?" አለች ሐኪሟ ነገሩን ስንነግራት።

"አባቴ" አለች ላጲስ።

"እንግዲያው የእሱን ከጎን አንስታችሁ አምጡልኝ። ልኩን ባይነግረኝም ይመራኛል።"

ይሄ በእናት በኩል የሚላክ መልእክት አልነበረም። ላጲስ ሄዳ የአባቷ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እየነዳ ነው፣ ጥሏት ሊሄድ አይችልም።

"አባዬ፣ መተንፈስ አቅቶኛል" አለችው።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "እሰማሻለሁ እኮ" አላት። "የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው።"

ሁሉንም ነገረችው። እሱም መሪውን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነዳ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከነዩኒፎርሙ ፎቶ ቤት መጣ።

በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት፣ ነጩን መጋረጃ ከኋላው ዘረጋሁ፣ መብራቱን አስተካከልኩ። ላጲስ ኮምፒዩተሯ አጠገብ ቆማለች።

"ከእኔ ላይ ቆርጠው ቢሰጧት አይሆንም?" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ አልሳቀም። "እኔ እንደሆነ ይተርፈኛል።"

"ከራሷ ነው የሚወስዱት" አልኩት።

ወደ ልጁ ዞረ።

"እስቲ እውነቱን ንገሪኝ" አላት። "እንደ ድሮው እንዲሆን ፈልገሽ ነው? ወይስ መተንፈሱን ብቻ?"

በናትሽ እንደ ድሮው በይው፣ አልኳት በልቤ። ምን ይጎዳሻል? ዓይኑ ልመና ሆኖ ነበር። እኔ ራሴ ልመልስለት ምንም አልቀረኝም።

ላጲስ በአፏ አየር ሳበች።

"መተንፈሱን ብቻ፣ አባዬ" አለች። እንባዋ ወረደ። "አንተን ጠልቼ አይደለም። ያንን አፍንጫ ይዤ መኖር ግን አልቻልኩም።"

የሰው ፊት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእሱን ፊት ያን ጊዜ ማየት ግን አልቻልኩም። ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ገመዱን የማስተካክል መሰልኩ። ላጲስን ልቆጣት ፈልጌ ተውኩት።

ቀና ስል ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ጎን አዞረና አገጩን ከፍ አደረገ።

"አንሳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ። "ልጄ አየር አጥታለች።"