የአንሶላ ጥግ ፊደሎች

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ስር ስለሆነ ከውጭው ዓለም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ያጠበች ሴት አለች። ስሟ መዝገብ ላይ ይኖር ይሆናል፤ ለምናውቃት ግን እትዬ ፊደል ናት።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ፊደል የቆጠረችው ከአንሶላ ጥግ ነው። የየክፍሉ አንሶላ እንዳይቀላቀል ጥጉ ላይ በቀይ ክር አንድ ፊደል ይሰፋበታል፤ ቀዶ ጥገና «ቀ»፣ ወሊድ «ወ»፣ ሕፃናት «ሕ»። አንሶላው አርጅቶ ሲቀደድ ለወለል መወልወያ ይሄዳል። ጥጉን ግን እሷ በመቀስ ቆርጣ ታስቀራለች። የጎደሏትን ፊደሎች ራሷ ሰፋቻቸው። አንድ የትራስ ልብስ ሙሉ ፊደል ያጠራቀመችው እንዲህ ነው።

ጋዜጣው ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቃል ይሰጣል። ከዚያ ቃል ፊደሎች ሌሎች ቃላት ማውጣት ነው፤ አንዱን ፊደል ሁለቴ መጠቀም የለም፣ ቅርጹን መለወጥም የለም። እትዬ ፊደል በምሳ ሰዓት፣ ታጥፎ ባለቀ አንሶላ ክምር ላይ፣ ጨርቆቿን ትደረድራለች፣ ታቀያይራለች። መጀመሪያ የፈታችው «ሰራተኛ» የሚለውን ነበር። «ሰራ» አለበት፣ «ተኛ» አለበት፣ «ተራ» አለበት፣ «ራሰ» እንኳ አለበት። «አረፈ» ግን የለበትም፤ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። እኔ ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ስለ ስራ ከዚህ የበለጠ የነገረኝ የለም።

እጇን በረኪና ሰነጣጥቆታል፤ እስክርቢቶ ይዛ ብዙ ስትጽፍ ይደማል። ስለዚህ እሷ ቃሉን ታወጣለች፣ ልጇ ትገለብጥላታለች። አንድ ሳምንት ከአንድ ረጅም ቃል አርባ ሦስት አውጥታ ላከች። «ላኪ» በሚለው ቦታ «አጣቢ» አስጻፈች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋዜጣው ምን አለ? «ከልብስ ማጠቢያ ክፍል የደረሰን ዝርዝር የላኪዋ ስራ ስላልሆነ ተሰርዟል።»

ማን ጠየቃት? ማንም! የእጅ ጽሑፉ የተማረ ሰው ነው፣ ላኪዋ አጣቢ ናት፤ በቃ፣ ሌባ። የሰው ጭንቅላት በሚለብሰው ሽርጥ የሚለካበት ዘመን አለፈ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ክፉው የጋዜጣው ወሬ አልነበረም። ልብስ ተኳሿ፣ አስር ዓመት ጎኗ የቆመችው፣ ካውያውን አስቀምጣ «እትዬ ፊደል፣ እኛንም ስትሸውጅን ነበር እንዴ?» አለቻት። የክፍሉ ሳቅ የማጠቢያ ማሽኑን ጩኸት በለጠ።

ቤት ስትገባ ልጇ «እማዬ፣ ተይው በቃ። ጨዋታ እኮ ነው» አለቻት።

«ጨዋታ ቢሆንማ ሌባ አይሉኝም ነበር።»

ሐሙስ የእረፍት ቀኗ ነው። የትራስ ልብሷን በብብቷ ይዛ ጋዜጣው ቢሮ ገባች። የአምዱ አዘጋጅ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል።

«ምን ልርዳሽ፣ እናቴ?»

«እናትህ አይደለሁም። ሌባ ያልካት አጣቢ ነኝ።»

ሰውየው ተንተባተበ። ስለ እጅ ጽሑፍ አወራ፣ ስለ አሰራር አወራ። በመጨረሻ «እንግዲህ ቅሬታ ካለዎት ማመልከቻ ይጻፉ» አላት። አየህ፣ ሲጨንቀው «አንቺ» ቀርቶ «እርስዎ» መጣ።

«ማመልከቻ? ጥሩ። እሱን ቃል አንተም ፍታው፣ እኔም ልፍታው። እዚሁ።»

የትራስ ልብሱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ድግምት?»

«ጨርቅ ነው። ታመህ ተኝተህ ከነበረ ያንተንም ጀርባ ያውቀዋል።»

ከየጠረጴዛው ሰው ተነስቶ መጣ። የሽያጭ ክፍሏ ሴት ሰዓቷን አውጥታ «አምስት ደቂቃ!» አለች። አዘጋጁ ከንፈሩን እየነከሰ ጻፈ። እሷ አምስቱን ጨርቆች ትገፋለች፣ ትስባለች፣ ታገላብጣለች። ጊዜው ሲያልቅ እሱ «መቻል»፣ «ቻል» እና «ማል» አግኝቷል። እሷ እነዚያን ሦስቱን አለችና «መማል»፣ «ማከል»፣ «ከል» ጨመረችባቸው።

«ሰባተኛውም አለ» አለች። «‹መከማቻ›። ካላመንክ መሳቢያህን ክፈትና እይ፤ የስንቱ ማመልከቻ ተከማችቶበታል!»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አዘጋጁ ጆሮው ቀላ፤ ከጓዳ አንድ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። የሳምንቱ ሽልማት ነበር።

«ይውሰዱት። ይገባዎታል። ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

«ዝናብ መታኝ አልኩህ? ሌባ ያልከኝ በጋዜጣ ነው፤ የምትመልሰውም በጋዜጣ ነው። እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ ‹ተሳስተናል› በል። አንድ ቃል ነው። እስክትለው ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ።»

መጣችም። ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ባንኮኒው ላይ ጨርቋን ዘርግታ የሳምንቱን ቃል ስትፈታ ዋለች፤ ማስታወቂያ ሊያስነግር የመጣው ሁሉ ቆሞ ያያታል። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ከሦስተኛው ሐሙስ በኋላ በወጣው ቅዳሜ፣ ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ወጣ፤ «ቀደም ሲል ከልብስ ማጠቢያ የደረሰን ዝርዝር የላኪዋ መሆኑን አረጋግጠናል።»

ተኳሿ ጋዜጣውን እያውለበለበች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። «እትዬ! ወጣልሽ! እኔን አፈር ይብላኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ!»

እትዬ ፊደል እጇን በሽርጧ አድርቃ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«‹አረጋግጠናል›? ማን አረጋጋጭ አደረገው? ያልኩት ሌላ ነው።»

«እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ያልኩትን።»

በምሳ ሰዓት አርጅቶ ከተጣለ አንሶላ አንድ ጥግ ቆረጠችና መርፌና ቀይ ክር ይዛ ተቀመጠች። በጨዋታው ሕግ አንድ ፊደል አንዴ ብቻ ነው፤ የትራስ ልብሷ ውስጥ ያለችውም «ተ» አንዲት ነበረች። «ተሳስተናል» ግን ሁለት ይፈልጋል።

ሐሙስ ጠዋት ስድስቱን ጨርቆች አዘጋጁ ፊት፣ ባንኮኒው ላይ በተራ ደረደረቻቸው።

«እኔ አውጥቼልሃለሁ» አለችው። «አንተ ገልብጠው ብቻ።»