ዘንጉ ቆሞ ያደረ ለት

ጋሮምሳ አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እጁ ፈጣን ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ጡሩምባ ዝም ካለ፣ መስኮት አልወጣ ካለ፣ ማብሪያውንም ፊውዙንም ትቶ ከባትሪው በቀጥታ አንድ ሽቦ ይስባል። ይህንን «ዳይሬክት» ይለዋል። ሚስቱ ሶፊ «እኔንም ያገባኝ ዳይሬክት ነው፣ ሽማግሌ እንኳ አልላከም» እያለች ታሾፍበታለች። እኛም ጎረቤቶቹ አብረን እንስቅ ነበር።

አምና የጎረቤታችን የአቶ ገብረወልድ አሮጌ ክሬሲዳ መኪና መጣችለት። አንቴናዋ ራዲዮ ሲከፈት በሞተር የሚወጣ፣ ሲዘጋ የሚገባ ነው፤ አቧራ በልቶት ውስጡ ያለው ባለጥርስ የፕላስቲክ ገመድ ተበጥሷል። ጋሮምሳ አዲስ ገመድ አስገባ። ሞተሩ እንዲስበው ደግሞ እንደ ልማዱ ዳይሬክት አደረገው። የአንቴናው ዘንግ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አቶ ገብረወልድ ራዲዮውን ከፍተው ድምፁ ጥርት ሲልላቸው መረቁት። እሱም ምርቃቱን ተቀብሎ ለሙከራ የሳበውን ሽቦ ሳይነቅል ሸኛቸው። ሞተሩ ዘንጉን ከሰቀለም በኋላ አላቆመም ነበር፤ ከጎኑ ያለው ብየዳ ቤት ሲጮህ ማን ይሰማዋል?

በዚያው ሳምንት ቡልቡላ ያሉት የአቶ ገብረወልድ ታላቅ ወንድም ታመው፣ «ሳልሞት ይምጣና ይቅር እንባባል» ብለው ልከው ነበር። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም ተባለና መኪናዋ በተሠራች ማግስት ጎሕ ሲቀድ ሊሄዱ ተቆረጠ። ሚስታቸው እትዬ አበዛሽ ጉልበታቸው በደንብ ስለማይታጠፍ ሚኒባስ አይሆንላቸውም። በዋዜማው አመሻሽ ላይ እሳቸው ብቻቸውን መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለው በራዲዮው መዝሙር ሲሰሙ ቆይተው ገቡ።

ጠዋት መኪናዋ አልነሳ አለች። ጋሮምሳ ተጠራ። ኮፈኑን ሲከፍት ያ ሽቦ እንዳለ ነው፤ የአንቴናውን ሞተር ቢነካው እጁን ፈጀው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጨርስ እንዳደረ ወዲያው ገባው። አፉን ሊከፍት ሲል አቶ ገብረወልድ ዘንጉን አዩ።

«ቆሞ ነው ያደረው» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው። «ራዲዮውን አላጠፋሽም።»

እትዬ አበዛሽ ያጠፉ መስሏቸው እንደነበር በለሆሳስ ተናገሩ። ጋሮምሳ ሽቦውን በስውር ነቅሎ ኪሱ ከተተ። አሁን ይቸኩላሉ፣ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን አታለለ። የተሞላ ባትሪ ፈልጎ እስኪያመጣ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቡልቡላ ሲደርሱ ለቅሶው ተጀምሯል፤ ወንድማቸው ካለፉ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ከሐዘን ሲመለሱም አልነገራቸውም። አቶ ገብረወልድ ሚስታቸውን ማናገር ትተዋል ሲባል ሰማ፤ አሁንም ዝም አለ። ሶፊ ምን ሆነሃል ብትለው ሥራ በዛብኝ አለ። ፈሪ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በሰባተኛው ወር እትዬ አበዛሽ እያነከሱ ጋራዡ ድረስ መጡ። ራዲዮውን ከመኪናው እንዲነቅልላቸው ለመኑት፤ ባለቤታቸው እሱን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራልና። ጋሮምሳ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«እትዬ፣ እርስዎ አጥፍተውታል። ሽቦ ረስቼ ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ አበዛሽ አልጮኹም። ጎማ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ የለመንኩት፣ ባንተ ጥፋት ነው?»

እትዬ አበዛሽ ተነስተው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገረው ብለው ፊት ፊት ሄዱ። ጋሮምሳ አቶ ገብረወልድ ፊት ተንበርክኮ ሁሉንም ተናገረ። ስድብ ሲጠብቅ ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ሦስት ሰዓት አስዘገየሽኝ ብዬ ቂም ያዝኩብሽ» አሉ። «እኔ ግን ለመታረቅ ዘጠኝ ዓመት ነበረኝ።»

ከዚያ ጋሮምሳን ተነስ አሉት። በዱላ ቢመቱት ይሻለው ነበር።