ከቁርጭምጭሚት በላይ ያላየው ሰው

ኖችዌ ንጉሡን አሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎ ፊታቸውን አንድ ቀን አላየም። በቴኖችቲትላን ቤተ መንግሥት ይህ ብርቅ አልነበረም፤ ቀና ብሎ ያየ ይሞታል። ሥራው ፍም ማቅረብ ነው። ንጉሡ በተቀረጸ እንጨት ተከልለው ሲበሉ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ከየሳህኑ ሥር የማይጨስ የቅርፊት ከሰል ያደርጋል። ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል፣ የቃጫ ኩታ ይደርባል፣ አንገቱን ይደፋል። ሲወጣም የኋሊት ነው።

ስለዚህ የንጉሡን ዘመን የሚያውቀው በእግራቸው ነበር። ወደ ባሕሩ ጠረፍ ዘምተው ሲመለሱ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ድል በድል በሆኑበት ዓመት በወርቅ ያጌጠ ጫማ አደረጉ። ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን ያጥለቀለቀ ጊዜ ደግሞ ጣቶቻቸው ምንጣፉን ሲቧጥጡ ይውሉ ነበር። ያኔ ከአማካሪዎቻቸው ሁሉ በፊት ጭንቀታቸውን ያወቀ እሱ ነው፤ ለማን ይናገረዋል እንጂ። በመጨረሻ እግራቸው ከስቶ አጥንት ብቻ ቀረ። ሲሞቱ ኖችዌ ከልቡ አለቀሰ።

አዲሱ ንጉሥ ብዙም ሳይቆዩ «ከመኳንንት ልጅ በቀር ማንም በቤቴ እንዳያገለግል» አሉ። ኖችዌ የገበሬ ልጅ ነው። ኩታውን እንኳ አስወልቀው በጓሮ በር አስወጡት። ደህና ሁን ያለው አልነበረም።

የሄደው ወደ እኅቱ ወደ ሾኮ ቤት ነው። ሚስቱ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን የተረከበችው ሾኮ ናት። እሱ በዓመት አንዴ ለበዓል ብቅ ይል ነበር፤ ያኔም ዓይኑ ከወለሉ አይነሣም። ልጅቱ እንደ ማንኛዋም የበኩር ሴት ተያካፓን ትባላለች። አግብታ ሐይቁ ማዶ ጨው ታፈላለች። አባቷ መውጣቱን ሰምታ መጣች።

«ደህና ነዎት?» አለችው። እንደ እንግዳ አንቱ ማለቷ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው።

«ደህና ነኝ» አለ፣ ለእግሮቿ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የፈላ ጨው ያቃጠላት ጠባሳ አለ።

«ይሄ ሰውዬ ከምንጣፉ ጋር ነው እንዴ የሚያወራው?» አለች ሾኮ። «አንተ፣ ንጉሡ የሉም እኮ። እኔን ብታየኝ አትሞትም፤ ቢበዛ ትደነግጣለህ።»

ልጅቱ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እስቲ አንዴ ቀና ብለው ይዩኝ» አለች።

ሞከረ። አገጯ ጋ እንኳ ሳይደርስ ዓይኑ ተመልሶ ወረደ።

«ቤታችን ለአንድ ሰው መኝታ አይጠፋም» አለች ልጅቱ። «ግን ፊቴን የማያውቅ ሰው አባቴ ነው ብዬ ይዤ አልገባም። በሚቀጥለው ገበያ ጨው ተራ ነኝ። ለይተው ካገኙኝ አብረን እንሻገራለን። እኔ አልጠራዎትም።»

እስከ ገበያው አምስት ቀን ነበረው። ሾኮ ታለማምደው ጀመር። መጀመሪያ የጓሮዋን የተርኪ ዶሮ ዓይን ለዓይን አየ፤ በአራተኛው ቀን የእኅቱን አፍንጫ ደረሰ። «ጥሩ ነው፣ አፍንጫዬ የቤተሰቡ ሁሉ ነው» አለችው። የተማመነው ግን በጠባሳው ነበር።

ሞኝ ሰው። ሴት ገበያ ላይ ተንበርክካ ቀሚሷን እግሯ ላይ እንደምትጥል የማያውቅ ማን አለ? አሥራ ስድስት ዓመት ገበያ ያልዋለ ብቻ። ጨው ተራ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተደርድረዋል፤ አንድም እግር አይታይም። አለፈ፣ ተመለሰ፣ ቸገረው።

«ተያካፓን!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት!»

«እኔም ነኝ፤ ስንት ልስፈርልህ?»

«ከአምስታችን የትኛዋን ነው?»

የራሱ ልጅ ድምፅ ግን ከመካከላቸው የለም። «ልጄን ነው የምፈልጋት» አለ።

«ምን ትመስላለች?» አለች አንዲት አሮጊት።

«ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠባሳ አላት።»

ተራው በሳቅ አውካካ። «የእኔ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ልግለጥልህ?» አለች አንዷ። አሮጊቷ ግን አልሳቀችም። «ፊቷን ነው የጠየቅሁህ፣ ወንድሜ።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ከተራው ጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን ፊት አየ። የከሳ፣ የደላው፣ በፀሐይ የጠቆረ ሃያ ፊት። ሁሉም ያዩታል። የሚያውቀው አንድም አልነበረም። አፍሮ ዓይኑን መለሰ።

ገበያው ሲበተን ሴቶቹ የቀረውን ጨው አዝለው ተነሡ። እግሮች በፊቱ ማለፍ ጀመሩ፤ ጠባሳውንም አየው፣ ወደ ታንኳዎቹ ሲሄድ። ተከትሎ ሮጠ።

«ልጄ!»

ልጅቱ ታንኳው ላይ ወጥታ መቅዘፊያ አንሥታለች። «ዓይን ለዓይን ተያየን እኮ፣ አባባ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እኔን አይተው ወደሚቀጥለዋ አለፉ።»

ታንኳው ራቀ። ኖችዌ ውሃው ዳር ቁጭ ብሎ ሃያዎቹን ፊቶች አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረ። አብዛኞቹ መጡለት። የትኛው የእሷ እንደሆነ ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።