ፀሐይ ፍለጋ ወደ ዴራ

ሰሞኑን የልጄን የደንብ ልብስ ለመስከረም ላዘጋጅ ብዬ ከቁም ሳጥኑ ሳወጣ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የአሰላን ክረምት የከረመ ሰው ያውቀዋል፤ ተዘግቶ የቆየ ጎተራ የሚሸት ነገር ነው። ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፤ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ቢሰነብትም አይደርቅም። ልጄ ሹራቡን አየችና ሽቶ ንፊበት አለችኝ። ሽታ አይሸፈንም አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የእትዬ ድንቄ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

እትዬ ድንቄ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ነበሩ። ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ገጠር ተድረው የመጡ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ያሰቡትን ሳያደርሱ የማይቀመጡ ሴት ነበሩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ አምኖ፣ በራሱ ፈቃድ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ ይለብስና ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይጠልቃል። እነዚያን ልብሶች የሚያጥቡት፣ በከሰል ካውያ የሚተኩሱት፣ በቆርቆሮ ሳጥን የሚያስቀምጡት እትዬ ድንቄ ነበሩ። የስንቱን ሰው የጥምቀት ልብስ ሲያዘጋጁ የገዛ ባላቸው ግን አንድም ቀን አልለበሱትም።

ባላቸው ጋሽ ቶሎሳ እህል ነጋዴ ነበሩ። እሑድ እሑድ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ይዘምራሉ፤ ጣሪያ ሲታደስ ከማንም ቀድመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። የጥምቀቱ ነገር ሲነሳ ግን ሰበብ አያጡም። አንዱን ዓመት ጉንፋን፣ አንዱን ዓመት መንገድ፣ ሌላውን ዓመት ደግሞ አጥማቂው ገና ልጅ ነው ይሉ ነበር። እትዬ ድንቄ ተለማምጠው፣ አኩርፈው፣ ጸልየው፣ በመጨረሻ ዝም ብለው ነበር። ታዲያ አንድ ነሐሴ ጋሽ ቶሎሳ ራት እየበሉ በድንገት «እሺ፣ ዘንድሮ እገባለሁ» አሉ። እትዬ ድንቄ ለእናቴ እንደነገሯት፣ ደስታቸውን እንኳ አላሳዩም። ደስ ማለቴን ካየ ሰበብ ያበጃል ብለው ወጥ ጨመሩላቸው።

ጉዱ የፈላው ሳጥኑ ሲከፈት ነው። ባለፈው ዓመት ጥምቀቱ ያለቀ ዕለት እትዬ ድንቄ የእህታቸው ለቅሶ ላይ ሳጉሬ ስለነበሩ፣ ልብሱን ያስቀመጡት የመዘምራን ወጣቶች ነበሩ። ወጣቶቹ ተጠንቅቀዋል። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ፣ ዝናብ እንዳይነካው ብለው፣ ገና ያልደረቀውን ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ጥፍር አድርገው አስረውታል። ላስቲኩ ሲፈታ እኔና እናቴ እዚያው ነበርን። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። እትዬ ድንቄ በኦሮምኛ «ያ ዋቆ» ብለው አምላካቸውን ጠርተው ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

የጋሽ ቶሎሳን አፍንጫ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ስንዴ ሊገዙ ሲሉ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ጆንያው ውስጥ ከትተው ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ፤ ያሸታሉ፤ «ሻግቷል» ካሉ ቢለምኗቸው አይመለሱም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ችግሩን ሲሰሙ ዘንድሮ ሁሉም በየራሱ ልብስ ይጠመቅ አሉ። እትዬ ድንቄ አልተቀበሉም። ቶሎሳን አውቀዋለሁ፣ ልብሱ እስኪሟላ ለከርሞ ይቆይ ይላል፣ ከርሞ ደግሞ ሌላ ነው አሉ።

መጀመሪያ የሞከሩት የአገራቸውን ዘዴ ነው። እሳቸው ባደጉበት የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የታጠነ ዕቃ ክፉ ጠረን አይዝም። ልብሱን በሳሙና አጥበው፣ ፍም ላይ እንቅብ ደፍተው፣ በላዩ እየዘረጉ ሲያጥኑ ዋሉ። ቤቱ እርጎ እርጎ ሸተተ። እናቴ እሰይ ተገላገልሽ አለቻቸው። እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና የአንዱን ቀሚስ እጅጌ ውሃ ውስጥ ነክረው አሸተቱት። ከወይራው ሥር ያ ሽታ እንዳለ ነበር።

«ይሄን ለብሶ ውሃ ሊገባ አይደል እንዴ» አሉ። «ሽታ አይሸፈንም፤ ይወጣል እንጂ።»

እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። አንዲት ሴት በረኪና ብታመጣላቸው፣ ያረጀ አቡጀዲ ይበላል ብለው መለሱላት። እንዶድ ወቅጠው ዘፈዘፉበት፤ በግማሽ በርሜል ውሃ አፍልተው በዱላ እያገላበጡ ቀቀሉት፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ አቼቶ ጨመሩበት። ሰፈሩ ሰላጣ ቤት መሰለ፤ እኛ ልጆችም ዳቦ ይዘን እንምጣ ወይ እያልን ቀለድን። ሽታው ለቀቀ። ሰማዩ ግን እንደተደፈነ ነበር፤ ቤት ውስጥ በእርጥበቱ ካደረ ደግሞ ያው ሻጋታ ተመልሶ ይመጣል። እትዬ ድንቄ በር ላይ ቆመው ጭጋጉን አዩት፤ ተቆጥተው ነበር። ፀሐይ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ ብለው ልብሱን በሳፋ ጭነው ወደ ዴራ የሚወርድ ሚኒባስ ያዙ። እናቴ ብቻቸውን አይሄዱም ብላ እኔን አስከተለቻቸው።

የሚኒባሱ ረዳት ሳፋሽ ያንጠባጥባል እያለ ተነጫነጨ፤ እሳቸው አልሰሙትም። ቁልቁል ስንወርድ ጭጋጉ ከኋላችን ቀረ፤ ዴራ ስንደርስ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። አንዲት የሚያውቋት ሴት ግቢ፣ በሁለት ግራር መሐል ገመድ ወጥረው ሰቀሉት። አላረፉም። እየዞሩ ያገላብጡ፣ አንገቱን፣ ብብቱን፣ የታችኛውን እጥፋት እያነሱ ያሸቱ ነበር። ጨርቁ ደርቆ ስፌቱ እርጥብ ይቀራል፣ የሚያታልለው ስፌቱ ነው አሉኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሳንም።

እሑድ ጠዋት እንደ ልማዱ ጭጋግ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ከልጅ እግሮቹ ጋር ተሰልፈው ቀሚሱ ሲሰጣቸው፣ ጆንያ ውስጥ እንደሚያደርጉት እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱበትና ወደ አፍንጫቸው አመጡት። እትዬ ድንቄ ከገንዳው ማዶ ፎጣ ታቅፈው ቆመው ነበር። ጋሽ ቶሎሳ አንገቱን አሸተቱ። ገለበጡት። እጥፋቱን አሸተቱ።

«ምንም አይሸትም» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ለበሱትና ወደ ውሃው ወረዱ። ሲወጡ ከንፈራቸው በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ድንቄ ፎጣውን አልብሰዋቸው ፊታቸውን በባላቸው ደረት ላይ ደፍተው አለቀሱ። እህታቸው የሞተች ጊዜ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። እኔም ምኑም ሳይገባኝ አብሬ አለቀስኩ።

እትዬ ድንቄ ካረፉ ቆይቷል። የልጄን ሹራብ በአቼቶ ውሃ ዘፍዝፌ ስወጣ በጋሽ ቶሎሳ በር አለፍኩ። አርጅተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የጥምቀት ልብስ ያጥባሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ የለም ወይ፣ ለምን ለወጣቶቹ አይተዉላቸውም አልኳቸው። አረፋውን ከክንዳቸው ጠረጉ።

«እኔን ስንት ክረምት ጠበቀችኝ» አሉ። «ይሄማ የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

ከዚያ የቀሚሱን አንድ ጫፍ ዘረጉልኝ። ያዝኩላቸውና እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ ሆነን ጠመዘዝነው።