በየእጥፋቱ አንድ ዓረፍተ ነገር

አክስቴ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ታጥፋለች። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዷ ይህን ጫፍ፣ ሌላዋ ያንን ይዘው ይጠጋጋሉ፣ ይራራቃሉ፣ ደግሞ ይጠጋጋሉ። የማድረቂያው ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን መነጋገር የሚቻለው ጫፍና ጫፍ ሲገናኝ ብቻ ነው። አክስቴ አንድ ባለ ስምንት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ለጓደኛዋ የተረከችላት እንዲህ ነበር፤ በየእጥፋቱ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ጓደኛዋ ከቁመቷ የተነሣ ቀጭኔ ትባላለች። አክስቴ ትከሻዋ ላይ እንኳ አትደርስም።

መጽሐፉ የመጨረሻውን የዘንዶ እንቁላል አቅፋ፣ ልጇን ከኋላ ትታ፣ ባሕሩ ወደሚያልቅበት ስለምትቀዝፍ እናት ነው። ነጩ ጨርቅ በመካከላቸው ሲነፋ የጀልባ ሸራ ይሆናል፤ እንፋሎቱም ጭጋግ።

"ትመለሳለች ግን?" ትላለች ቀጭኔ።

"አንቺ ዝም ብለሽ ቅዘፊ!"

አክስቴ መልሱን አታውቅም ነበር። ሠላሳ ገጽ ሲቀራት ዘግታው፣ ታሪኩን በጥቂት በጥቂቱ እየቆነጠረች ታስረዝማለች። "ተከታይ የለውም እኮ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሆድ ብሷት። "ካነበብኩት አለቀ፣ በቃ።"

ከዚያ ቀጭኔ ወደ ሌላ ሆስፒታል እንድትዛወር ታዘዘች። ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ሆነ።

"መጽሐፉን ውሰጂው" አለቻት አክስቴ።

"ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ? ከአፍሽ የጀመርኩትን ከአፍሽ ነው የምጨርሰው። በዘንዶው አምላክ ይዤሻለሁ!"

ዓርብ ጠዋት አክስቴ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ አነበበችው። መውረጃዋን በሁለት ፌርማታ አልፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ ገባች።

ሲያጥፉ ዋሉ። ጀልባዋ ባሕሩ ጫፍ ስትደርስ ግን ቅርጫቱ ባዶ ሆነ፤ አንሶላ አለቀ። ቀጭኔ ዞር አለችና ከተደረደረው ላይ አንዱን አንሥታ ዘረጋችው።

"የታጠፈ ታጥፋላችሁ እንዴ?" ብላ አለቃቸው ከበሩ ጮኸች።

"ተጨማዶ ነው!" አለች ቀጭኔ።

ጫፍ ተገናኘ። "እንቁላሉ ተሰነጠቀ።"

ተራራቁ፣ ተጠጋጉ። "ያቀፈችው ዘንዶ በተራው አዘላት።"

ደግሞ ተጠጋጉ፤ አንሶላው አሁን ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። "ልጇ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።"

ሁለቱም ጫፉን ቶሎ አልለቀቁም።

ያ አንሶላ አመሻሽ ላይ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሕሙማን ክፍል ወጣ። የተኛበት ሰው ምን እንዳለመ እንጃ።