መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ

እህቴ ብርቱካን አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ጠዋት ጠዋት እጇን ድንገት ነዘር ያደርጋት ጀመር። ማበጠሪያ ይወድቅባታል፤ ሻይ ይደፋባታል። እኛ እንስቅ ነበር። "ቆጣሪ ነክተሽ ነው እንዴ?" እላት ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት፣ ሰልፍ ላይ ወደቀች። ተንቀጠቀጠች። ምላሷን ነከሰች። ልጆቹ ክብሪት ጭረው አስሸተቷት።

የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። መጀመሪያ የታዘዘላት ፌኖባርቢታል ቀኑን ሙሉ ያስተኛት ነበር፤ በኋላ ወደ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ሲቀየርላት ግን መውደቁም መነዘሩም ቆመ፣ ልብስ ስፌት ተምራ ከጓደኛዋ ጋር አዳማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች፣ ለእኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርሜን በራሷ እጅ ሰፋችልኝ።

እማዬ ሰው እንዳይሰማ ትፈራ ነበር። "ሆስፒታል ተሰልፋ ካዩአት ማን ያገባታል?" ትል ነበር። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ካርዷን ይዤ ሆስፒታል የምሄደው እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው።

"ወድቃለች?"

"አልወደቀችም።"

"በደንብ ትውጣለች?"

"ትውጣለች።"

ይጽፍልኛል። አንዴማ "እንዲህ ስትመላለስ በሽታው ያንተ መሰለኝ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ልጅ መውለድ ታስብ እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። ፊቱ የተቀመጠው ወንድ ነው፤ ትዝ አላለው ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን የሴት ስም ነበር። ዕድሜዋም ነበር።

ብርቱካን መቂ አገባች። ባሏ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። በሽታዋን አልነገርነውም። ክኒኑን በቪታሚን ዕቃ ገልብጣ ትውጥ ነበር።

ከዚያ ደወለችልኝ። "ማሙሽ፣ አርግዣለሁ" አለችኝ። ድምፅዋ የደስታ አልነበረም። ፋርማሲ ገብታ ስለ መድኃኒቷ ጠይቃ ነበር። ፋርማሲስቷ "ይኼ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል። ግን በራስሽ እንዳታቆሚ፤ ዛሬውኑ ሐኪምሽን አግኚ" ብላታለች።

"ሐኪሜ እኮ አያውቀኝም" አለችኝ። "አንተ ጠይቅልኝ።"

"ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ እጠይቃለሁ" አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኳት።

አልጠበቀችም። ለጽንሱ ፈርታ ያኔውኑ መድኃኒቱን አቆመች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወደቀች። ሳትነቃ ደገማት። እንደገና ደገማት። ባሏ ምን እንደያዛት አያውቅም። አዳማ ሲያደርሷት ረፍዷል። "ስታተስ ኤፒሌፕቲከስ" አሉን፤ ሳያቋርጥ መጣል ማለት ነው። መርፌ ሰጧት። አልቆመም። ከሰዓት በኋላ ሞተች። ጽንሱም አብሯት።

መድኃኒቷን ሲጽፍልኝ የኖረው ሐኪም መልኳን ያየው ያን ቀን ነው።

"ማግባቷን ብትነግረኝ ኖሮ ከማርገዟ በፊት ቀስ አድርጌ ወደ ሌላ መድኃኒት እቀይርላት ነበር" አለኝ።

"ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር" አልኩት።

ባሏ ለቅሶው ላይ፣ "ባውቅ እተዋት ነበር ብላችሁ ነው? እንዲህ ነው የገመታችሁኝ?" አለን።

ፋርማሲስቷን አመሰግናለሁ፤ እውነቱን በጊዜ የነገረቻት እሷ ብቻ ናት። ድንገተኛ ክፍል በጎኗ አስተኝታ ጭንቅላቷን እስከ መጨረሻው የደገፈችላትን ነርስም አመሰግናለሁ።

ወንድሞች፣ የእህታችሁን ካርድ ይዛችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። እናንተ ስለ እሷ የምታውቁት ትንሽ ነው። ሐኪሞችም ካርዱን ሳይሆን ሴትዮዋን ጥሩ፤ ሳትመጣ አትጻፉ።

አንቺ ይህ በሽታ ያለብሽ፣ መድኃኒትሽን በራስሽ አታቁሚ። ለመውለድ ባታስቢም "ባረግዝስ?" ብለሽ አሁን ጠይቂ። ለጽንስ የሚሻል ሌላ መድኃኒት ሊኖር ይችላል፤ አስቀድሞ የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቪታሚንም አለ። አርግዘሽ ከሆነ መድኃኒቱን እየወሰድሽ በዚያው ቀን ሂጂ፤ ቀጠሮ አትጠብቂ። ታፍሪያለሽ። አውቃለሁ። አፍረሽም ቢሆን ሂጂ።